የተልባ ጄል ውሃ ሲሆን፦ ችግሩና መፍትሄው

ለጸጉር የሚሆን የተልባ ጄል ማፍላት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። "ተበላሸብኝ" ተብሎ የሚመጣልኝ ብልቃጥ ግን ሁሌም ያው ነው፤ ቀጥኖ ውሃ የሆነ ጄል። ስለዚህ ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው።

ልኬቱን ታውቁታላችሁ፦ 1 እጅ ጥሬ ተልባ ለ8 እጅ ውሃ፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ እያማሰሉ ማፍላት ነው።

ከፍሬው አልለይ ካለ፦ በድስቱ ውስጥ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ጄሉ ሲቀዘቅዝ ነው የሚወፍረው። ከማንኪያው ላይ እንደ እንቁላል ነጭ ክር እየሠራ ሲወርድ አውጡትና በትኩሱ በንጹሕ ስቶኪንግ አጥልሉት። ካመለጣችሁ ትንሽ ውሃ ጨምሩና እንደገና አሙቁት። ስቶኪንጉን በባዶ እጅ እንዳትጨምቁ፣ ያቃጥላል!

ቀለም ቀለም ከሸተተ፦ ተልባው ተፈጭቷል። ሲፈጭ ዘይቱ ይወጣል፣ አየር ሲያገኘውም ይበላሻል። የዘይት ቀለም የሚሠራው በዚሁ በተልባ ዘይት ነው። የተፈጨውን ለመጠጥ ተዉት።

ጸጉር ላይ ነጭ ፍርፋሪ ከጣለ፦ ከሥር ከተቀባው ክሬም ጋር አልተስማማም። መጀመሪያ መዳፋችሁ ላይ ቀላቅላችሁ እዩት።

ከቀጠነ፦ አሁን ወደ ዋናው መጣን።

ቁንጥር ተልባ ነጭ ሰሃን ላይ አድርጉና ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት። ከደቂቃዎች በኋላ እያንዳንዱ ፍሬ ዙሪያውን ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ይለብሳል። በጣት ለመያዝ ብትሞክሩ ያመልጣችኋል። ዝልግልጉ የሚወጣው ከውጭኛው ቅርፊት ነው። ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። ከፊሎቹ ጋላክቱሮኒክ የሚባል አሲድ ስላላቸው ውሃ ውስጥ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዛሉ። ተመሳሳይ ቻርጅ ይገፋፋል። ሲገፋፉ ሰንሰለቱ ይዘረጋል፣ ብዙ ውሃ ይዞ ይወፍራል። ቻርጁን ያጠፋችሁ ቀን ሰንሰለቱ ይጠቀለላል፣ የያዘውንም ውሃ ይለቃል።

ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? ሎሚ ይጨምቅበታል! "እንዳይበላሽ" ተብሎ። ሎሚ ቻርጁን ከሚያጠፉት ዋነኛው ነው።

አንዲት ደንበኛዬ ለልጇ ሠርግ ብላ አንድ ትልቅ ድስት አፈላች። በጣም ጥሩ ወጥቶላት ነበር፤ በስልክ አሳይታኛለች። ማታ 2 ሎሚ ጨመቀችበት። ጠዋት ደውላ "እህቴ፣ ሾርባ ሆነብኝ" አለችኝ። እኔ ሳልደርስ ደግሞ ሎሚውን ለማጥፋት ቤኪንግ ሶዳ ጨምራበታለች። አረፋው ገነፈለ፣ ጄሉ ግን አልተመለሰም። ሶዳና ሎሚ ሲገናኙ ጨው ይሆናሉ፤ ጨውም በበኩሉ ቻርጁን ይሸፍነዋል። ሁሉንም ደፍተን እንደ አዲስ አፈላን።

ሎሚውን ከነጄሉ እሳት ላይ የሚያፈሉ ደግሞ አሉ። እባካችሁ ተዉ! አሲድና ሙቀት አንድ ላይ ሲሆኑ ሰንሰለቱን ራሱን ይቆራርጡታል። የተቆረጠ ሰንሰለት አይቀጠልም። መፍትሄው አንድ ነው፤ ደፍቶ እንደገና ማፍላት።

ሎሚ አልነካሁም ካላችሁ ውሃውን ጠርጥሩ። ቧንቧ ጠፍቶ በጉድጓድ ውሃ ካፈላችሁና ማንቆርቆሪያችሁ ውስጡ ነጭ ድርቅ ያለ ነገር ከያዘ፣ ውሃው ካልሲየም አለው። እሱም እንደ ጨው ያቀጥነዋል። የዝናብ ውሃ ወይም የታሸገ ውሃ ሞክሩ።

ውሃውም ደህና ከሆነ፣ ተልባውን አጥባችሁታል። ይሄ በጣም ያናድደኛል፤ ጥፋቱም የተጠቃሚ ብቻ አይደለም። አቧራና ጠጠር የተቀላቀለበት ተልባ የሚሸጥ ነጋዴ ሰውን አስገድዶ ያሳጥባል። የአክስቴ ልጅ 3 ጊዜ አለቅልቃ፣ ለ20 ደቂቃ ዘፍዝፋ፣ ውሃውን ደፍታ ነበር የምታፈላው። የደፋችው ውሃ እጇ ላይ ሲያሙለጨልጭ ቆሻሻ መስሏታል። ጄሉ እሱ ነበር! ተልባ በደረቁ ነው የሚጸዳው። በሰፌድ አበጥሩት፣ ጠጠሩን ልቀሙ፣ በደረቅ ጨርቅ እሹት። የግድ መታጠብ ካለበት ወንፊት ላይ አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ውሃ አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፉበት።

ወፍሮ ከርሞ ከቀናት በኋላ ከቀጠነና ከኮመጠጠ፣ ባክቴሪያ እየበላው ነው። ይደፋ። የራስ ቆዳ ላይ እንዳትቀቡት፣ በተለይ ቁስል ወይም ፎረፎር ካለ። ልጆች ጸጉር ላይማ በፍጹም!

እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ለአንድ ሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ አስቀምጡ። የቀረውን በበረዶ መሥሪያ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ስትፈልጉ ማታ አንድ ፍሬ ወደ ፍሪጁ አውርዱ፣ ጠዋት በንጹሕ ማንኪያ ቅዱት።