ቀለምና ፔስትራ የጎዳውን ፀጉር ቤት ውስጥ እንዴት እንያዘው?

የአክስቴ ልጅ ሠርግ ሁለት ቀን ሲቀረው ፀጉሬን ወርቃማ አስቀባሁ። እዚሁ እኛ ሠፈር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ካሉት ፀጉር ቤቶች አንዷ ጋ ነው። ልጅቷ ቀለሙን አጠበችልኝና ገና ሳይደርቅ በፔስትራ ትጎትተው ጀመር። ጭስ ወጣ። «አይዞሽ፣ እንፋሎት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እንፋሎት ነበር። ጥፋቱም እሱው ነው።

በሠርጉ ማግስት ሚዶ ባስገባሁ ቁጥር ጣት የሚያህል ቁራጭ ፀጉር ይዞልኝ ይወጣል። አንዱን አንስቼ ብርሃን ላይ አየሁት። ከሥሩ የተነቀለ ቢሆን ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ይኖረው ነበር። የለውም። መሃሉ ላይ ነው የተበጠሰው።

እናንተም ይህን ልዩነት እዩ። ነጭ ነጥብ ያለው ፀጉር ጊዜው ደርሶ የሚረግፍ ነው፤ በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍ አያስደነግጥም። ነጥብ የሌለው አጫጭር ቁራጭ ከበዛ ግን ፀጉራችሁ እየተበጣጠሰ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ለእሱ ነው።

አስቀድሜ የማይጥም ነገር ልንገራችሁ። የተጎዳ ፀጉር አይድንም። ከቆዳችን የወጣ ፀጉር እንደ ጥፍር ነው፣ ሕይወት የለውም። «ይጠግናል» የተባለ ትሪትመንት ሁሉ ስንጥቁን ለጊዜው ይሸፍናል፣ መበጠሱን ይቀንሳል፤ በቃ። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ያድጋል። አዲሱ እስኪደርስ አሮጌውን ማቆየት ነው ሥራችን።

ምን ነካው?

የፀጉር ውጪኛ ሽፋን እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ የተነጠፈ ነው። ፀጉር የሚያነጣው ኬሚካል ቅርፊቱን ከፍቶ ይገባና የተፈጥሮ ቀለሙን ያጠፋዋል። የሚቀላቀለው ፔሮክሳይድ ጠርሙሱ ላይ ቁጥር አለው፦ 20 ካለ 6 በመቶ ነው፣ 40 ካለ 12 በመቶ። እኔ ላይ የዋለው 40 ነበር። ጠርሙሱን ያየሁት ከጨረሰች በኋላ ነው።

ቅርፊቱ የተከፈተ ፀጉር ውኃ ቶሎ ይጠጣል። እርጥብ እያለ ፔስትራ ሲያርፍበት ውስጡ ያለው ውኃ ይፈላል። መውጫ ሲያጣ ፀጉሩን ከውስጥ አረፋ አረፋ ያደርገዋል። የሚበጠሰው እዚያ አረፋው ጋ ነው።

መጀመሪያ፦ ማቆም

ፔስትራ፣ ፎን፣ ካስክ፣ ቀለም፣ ሪላክሰር፣ ሁሉንም ለሦስት ወር ያህል አቁሙ። በተለይ በነጣ ፀጉር ላይ ሪላክሰር እንዳትደርቡ። እኔ ራሴን ስለማላምን ፔስትራውን ለጎረቤቴ አደራ ሰጠኋት።

ቀጥሎ፦ መፈተን

የወደቀ ፀጉር አንሡና አርጥቡት። በሁለት እጅ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። ትንሽ ተስቦ ከተመለሰ ደህና ነው። ሳይሳብ ጧ ብሎ ከተበጠሰ ደርቋል፣ እርጥበት ይፈልጋል። እንደ ማስቲካ ተስቦ ተስቦ ካልተመለሰ ፕሮቲኑ ተጎድቷል። የእኔ የማስቲካው ዓይነት ነበር። ከአሁን በኋላ የምታደርጉት በዚህ ውጤት ይለያያል።

ከዚያ፦ ጫፉን መቁረጥ

አውቃለሁ፣ ያማል። ግን የተሰነጠቀ ጫፍ ዝም ካሉት ስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣል። 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር አስቆርጡ፤ ከዚያ በየሁለት ወሩ ትንሽ ትንሽ። ወረቀት በሚቆረጥበት መቀስ አይሆንም፣ ጫፉን ይጨፈልቀዋል።

አጠባ

እኛ ጋ ውኃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣበትን ቀን ጠብቀን ጀሪካን እንሞላለን። ደግነቱ የተጎዳ ፀጉር በሳምንት አንዴ ቢታጠብ ይበቃዋል። ግማሽ ጀሪካን፣ ማለትም 10 ሊትር፣ ለእኔ አብቅቶኛል።

ከመታጠባችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ደረቅ ፀጉራችሁን ከመሃል እስከ ጫፍ የኮኮናት ዘይት ቀቡ። ይህ ዘይት ከብዙዎቹ በተለየ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ይዘልቃል፤ በአጠባ ጊዜ የሚወጣውን ፕሮቲንም ይቀንሳል። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ እጠቡ። ሻምፖው ለራስ ቆዳ ብቻ ነው። ወደ ጫፍ አትሹት፣ ሲለቀለቅ የሚወርደው አረፋ ለጫፉ ይበቃዋል።

ኮንዲሽነሩን ደግሞ ከመሃል ወደ ጫፍ በደንብ። እሱ ሳይለቀለቅ ሰፋ ባለ ጥርስ ማበጠሪያ አበጥሩ፤ ከጫፍ ጀምሩና ቀስ በቀስ ወደ ሥር ውጡ። ልጅ ሆነን እንደምንበጠረው ከላይ ወደ ታች አይደለም፤ ያኔም ቢሆን የምናለቅሰው ለዚያ ነበር።

ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋግር ከሆነ ውኃችሁ ማዕድን ይበዛበታል፣ ፀጉርም ላይ ይቀራል። ለመጨረሻው መለቅለቂያ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ ማንኪያ አቼቶ ጨምሩ። ክረምት ላይ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ዝናብ በባልዲ መያዝ ነው፤ መጀመሪያ የሚወርደው አቧራውን ይጠብና ቀጥሎ ያለውን። ሎሚ እንዳለ መጭመቅ ግን ይቅርባችሁ፣ ቆዳ ያቃጥላል።

ትሪትመንት፣ እንቁላልና ቅቤ

ፀጉሩ ደርቆ ከሆነ በየሳምንቱ ወፍራም ኮንዲሽነር ቀቡ፣ ፌስታል ሸፍኑበት፣ በላዩ ላይ ፎጣ ጠቅልሉ፣ 30 ደቂቃ ቆዩ። እንደ ማስቲካ የሚሳብ ከሆነ በወር አንዴ የፕሮቲን ትሪትመንት ጨምሩ፤ ዕቃው ላይ «ሃይድሮላይዝድ ኬራቲን» ወይም «ሃይድሮላይዝድ ፕሮቲን» የሚለውን ፈልጉ። ከዚያ በላይ ካደረጋችሁት ፀጉሩ እንደ ጭድ ይደርቃል።

እንቁላልስ? የእንቁላል ፕሮቲን ትልቅ ስለሆነ ወደ ፀጉር ውስጥ አይገባም። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ በሙቅ ውኃ ለቀለቅኩት፣ ፍርፍር ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ ከፀጉሬ ስለቅም ነበር።

የቅቤው ጉዳይ ከእናቴ ጋር አጨቃጭቆኛል። «ቅቤ እየቀባሁሽ አይደል ያደግሽው?» ትላለች። ልክ ናት። ነገር ግን ቅቤ እርጥበት አይሰጥም፣ ያለውን እርጥበት አምቆ ይይዛል። በደረቅ ፀጉር ላይ ከተቀባ ድርቀቱን ነው የሚሸፍነው። ስለዚህ መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ ቅቤ። ከታጠባችሁ በኋላ ፀጉሩ ገና እርጥብ እያለ ለጋ ቅቤ መዳፋችሁ ላይ አሟሙታችሁ በስሱ ጫፉን ቀቡት። ፎረፎር ወይም ቁስል ካለ ቆዳውን አታስነኩት። እናቴ አሁን ራሷ «አርጥበሽዋል?» ብላ ነው የምትቀባኝ።

ሽታውን የማትችሉት ደግሞ ተልባ አለላችሁ። ያልተቆላና ያልተፈጨ ሁለት ማንኪያ ተልባ በሁለት ብርጭቆ ውኃ አፍሉ፣ እያማሰላችሁ። እንደ እንቁላል ነጭ ሲለጠልጥ ወዲያው አውርዱና በአሮጌ የሴት ካልሲ አጥልሉት። ከቀዘቀዘ አይጠለልም፣ ትታገሉታላችሁ። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። እርጥብ ፀጉር ላይ ስትቀቡት የሚበነውን ፀጉር ሰብስቦ ይይዛል።

ሲደርቅ፣ ስትተኙ፣ ስትወጡ

በፎጣ አትፈትጉት፤ በአሮጌ ቲሸርት ጫን ጫን እያደረጋችሁ ውኃውን ምጠጡት። ማታ የሳቲን ሻሽ እሰሩ፣ የጥጥ ትራስ ልብስ ፀጉሩን ይፈትገዋል። በጋ ላይ ከታክሲ ወርዳችሁ አቧራውን ስታቋርጡም ያው ሻሽ ያገለግላል። ሹሩባ ጥሩ ዕረፍት ነው፣ ላላ ተደርጎ ከተሠራ። ግንባር ላይ የሚወጥር ሹሩባ ዳር ዳሩን ይመልጣል።

ቆዳው ከቆሰለ፣ ወይም ፀጉሩ በቦታ በቦታ ክብ እየሠራ ከተመለጠ ይህ ሁሉ አይሠራም። የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል አለው።

ፔስትራው ሲመለስ

ከሦስት ወር በኋላ ፔስትራዬን ተቀብያለሁ፤ የማወጣው ግን ለድግስ ብቻ ነው። ፀጉሩ ፍጹም መድረቅ አለበት። ከሙቀት የሚከላከል ቅባት ይቀድማል፣ እሱም እስኪደርቅ ይጠበቃል። ሙቀቱ ለነጣ ፀጉር 150 ዲግሪ አካባቢ፣ ላልተነካ ፀጉርም ከ180 አይለፍ። አንድ ዘለላ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይለፍ።

የእኔ ፔስትራ ቁጥር የለውም። ነጭ ወረቀት አስነክሼው አምስት እቆጥራለሁ። ወረቀቱ ከጠየመ ነቅዬ አስቀምጠዋለሁ፣ ሲበርድ ሌላ ወረቀት እሰጠዋለሁ።