ኤስኤስኤች አላስገባ ሲል፦ ከሳሎኑ ላፕቶፕ እስከ ሰርቪስ ቤቱ ዴስክቶፕ

ጎንደር ውስጥ አንድ ግቢ የሚጋሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ራውተርም ይጋራሉ። ሳሎን ውስጥ ላፕቶፕ አለ፤ ሰርቪስ ቤት ደግሞ የሠርግና የጥምቀት ቪዲዮ የተጠራቀመበት አሮጌ ዴስክቶፕ ተቀምጧል። ሁለቱም ሊኑክስ ከሆኑ ከአንዱ ተቀምጦ ሌላውን ለማዘዝ የሚያገለግለው ኤስኤስኤች ነው። ፊንላንዳዊው ታቱ ይሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው፣ በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተጠለፉ በኋላ ነበር። ስለዚህ ሲፈጠርም ተጠራጣሪ ነው፤ ከታች ከምናያቸው ችግሮች አንዳንዶቹም ብልሽት ሳይሆኑ ጥርጣሬው ናቸው።

ግንኙነቱ እምቢ ሲል ሰው ሁሉ የሚሮጠው ራውተሩን ነቅሎ ለመሰካት ነው። ይህንንስ መብራት ራሱ ሳንጠይቀው በየጊዜው ያደርግልናል። የሚቀድመው ተርሚናሉ (ትእዛዝ የምትጽፉበት መስኮት) የጻፈውን መልእክት ቃል በቃል ማንበብ ነው። ትእዛዞችንና መልእክቶችን እዚህ የማስቀምጣቸው እንደሚነበቡ ነው፤ እናንተ የምትጽፏቸው በላቲን ፊደል ነው።

«ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ

የግቢ በር ስታንኳኩ ከውስጥ «አንከፍትም!» የሚል ድምፅ እንደመስማት ነው። ቅር ቢያሰኝም ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳለ አረጋግጣችኋል። ኔትወርኩ ይሠራል፣ በአድራሻው ላይ የበራ መሣሪያ አለ፤ ኤስኤስኤች በሚያንኳኳው በር፣ በ22ኛው ፖርት፣ ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ግን የለም።

ዋናው ምክንያት ሰርቨሩ፣ ማለትም ከሌላ ኮምፒውተር የሚመጣውን የሚያስገባው ፕሮግራም፣ አለመጫኑ ነው። ኡቡንቱ ዴስክቶፕ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ሲጫን ወደ ሌላ ኮምፒውተር መውጫውን ይዞ ይመጣል እንጂ ሌላው እንዲገባ የሚያደርገውን አይጭንም። ዴስክቶፑ ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኦፕንኤስኤስኤች-ሰርቨር» ብላችሁ ጫኑት፤ ከዚያ በ«ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ኤስኤስኤች» ሁኔታውን እዩ። ፌዶራ በተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ የአገልግሎቱ ስም መጨረሻ ላይ «ዲ» ይጨመርበታል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አብሮ እንዲነሣም በ«ኢኔብል» ማዘዝ ያስፈልጋል።

ፕሮግራም የሚጭነው አፕት ራሱ «ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም» የሚል ቅሬታ ካሰማ ሰዓቱን ተመልከቱ። አሮጌ ዴስክቶፕ የማዘርቦርድ ባትሪው ካለቀ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳና ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ባትሪዋ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ናት፤ ሲአር2032 ብላችሁ ጠይቁ።

ሰርቨሩ ተጭኖ፣ እየሠራም ሳለ አሁንም «ሪፊውዝድ» ካለ፣ መልስ የሰጣችሁ ያ ዴስክቶፕ ላይሆን ይችላል። አድራሻው ለአንዱ ተከራይ ስልክ ተሰጥቶ ይሆናል።

«ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ወይም «ኖ ሩት ቱ ሆስት» ካለ

እዚህ ደግሞ የሚመልስ የለም፤ ተርሚናሉ ጠብቆ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው አድራሻው ነው። ራውተሩ ለየመሣሪያው አድራሻ የሚያድለው በጊዜያዊነት ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አንዳንድ ራውተር ለማን ምን እንደሰጠ ይረሳና ቀድሞ ለደረሰው ያድላል። ትናንት 192.168.1.5 የነበረው ዛሬ 192.168.1.9 ሊሆን ይችላል። ዴስክቶፑ ላይ «አይፒ ኤ» ብላችሁ አረጋግጡ። በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ ከራውተሩ ምንም አድራሻ አላገኘም፤ ገመዱን ወይም ዋይፋዩን መርምሩ። ዘላቂው መፍትሄ ወደ ራውተሩ ገጽ ገብቶ ያንን አድራሻ በዴስክቶፑ ማክ አድራሻ (በኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ስም ማስያዝ ነው። በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ መብራት የፈለገውን ያህል ቢመላለስ አድራሻው አይነቃነቅም።

ሁለተኛው ዴስክቶፑ ጭራሹን አለመነሣቱ ነው። ባዮስ (ሊኑክስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ኃይል ሲመለስ ምን ይደረግ የሚል ምርጫ አለ፤ ብዙ ጊዜ «ጠፍቶ ይቆይ» በሚለው ላይ ስለሚገኝ «ይነሣ» ወደሚለው ቀይሩት። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል፤ የተኛ ኮምፒውተር አይመልስም።

በ«ፒንግ» ትእዛዝ አለህ ወይ ሲባል የሚመልስ፣ ለኤስኤስኤች ግን ዝም የሚል ከሆነ ምክንያቱ ፋየርዎሉ፣ ማለትም የኔትወርክ ዘበኛው፣ ነው። «ሱዶ ዩኤፍደብሊው አላው ኤስኤስኤች» በማለት ይፈታል። ሁለቱም ኢንተርኔት እየተጠቀሙ እርስ በርስ የማይተያዩ ከሆነስ? አንደኛው የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ሊሆን ይችላል፤ የእንግዳው መስመር የተሠራው መሣሪያዎች እንዳይተያዩ ነው።

«ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ

ደስ ይበላችሁ፤ ኔትወርኩ፣ አድራሻውና ሰርቨሩ ደኅና ናቸው። ከዚህ በኋላ ራውተሩን የሚነካ ሰው ጊዜውን ያባክናል።

እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚፈተሸው በውጭ አገር መመሪያዎች የማይገኝ ነገር ነው፦ የፊደል ገበታው አማርኛ ላይ መሆኑ። ተርሚናሉ የይለፍ ቃል ሲቀበል ኮከብ እንኳን አያሳይም። ከጥቂት ደቂቃ በፊት በአማርኛ ደብዳቤ ስትጽፉ ከነበረ፣ ጣታችሁ የለመደውን ቁልፍ ሲጫን ወደ ዴስክቶፑ የሚሄደው «ሰ» እና «ለ» ነው። ሦስት ጊዜ ትሞክራላችሁ፣ ሦስቴም ይመልሳችኋል፣ ከዚያ የይለፍ ቃሉ ተረሳ ተብሎ ሌላ ጣጣ ይጀመራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ባዶ የትእዛዝ መስመር ላይ አንድ ፊደል ጽፋችሁ በየትኛው ፊደል እንደወጣ እዩ። ኡቡንቱ ላይ ሱፐርና ስፔስ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫኑ ገበታው ይቀየራል።

ቀጥሎ የተጠቃሚ ስም ነው። ስም ካልሰጣችሁት ኤስኤስኤች የላፕቶፑን የተጠቃሚ ስም ይዞ ይሄዳል፤ ዴስክቶፑ ላይ በዚያ ስም የተመዘገበ ሰው ከሌለ የትኛውም የይለፍ ቃል አይሠራም። ከአድራሻው በፊት የዴስክቶፑን የተጠቃሚ ስምና የኢሜይሏን «አት» ምልክት አስቀድሙ። «ሩት» በሚባለው የሁሉ አዛዥ ተጠቃሚ ስም በይለፍ ቃል ለመግባት አትድከሙ፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ኦፕንኤስኤስኤች ይህንን እንደ ነባሪ ሕግ ከልክሏል።

በይለፍ ቃል ፋንታ በቁልፍ ፋይል የምትገቡ ከሆነና ቁልፉ እያለ የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁ የፎልደሩ ፈቃድ ልቅ ሆኖ ይሆናል። ሌላ ተጠቃሚ ሊጽፍበት የሚችል ፋይል አይታመንም። ዴስክቶፑ ላይ የኤስኤስኤች ፎልደሩን ፈቃድ 700፣ «ኦተራይዝድ ኪስ» የተባለውን ፋይል 600 አድርጉ፤ ሁለቱም ቁጥሮች «ከባለቤቱ በቀር ማንም አይንካው» ማለት ናቸው። የቤት ፎልደሩም ለሌሎች እንዳይጻፍበት ተመልከቱ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የማያሻማው ምክንያት የሚገኘው በዴስክቶፑ መዝገብ ውስጥ ነው፦ «ሱዶ ጆርናልሲቲኤል -ዩ ኤስኤስኤች»። ሰዓቱን ስታነቡ አትደናገሩ፤ መዝገቡ 20:15 ያለው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ15 ነው።

የተቀባዩ ማንነት ተቀይሯል የሚል ትልቅ ማስጠንቀቂያ ከወጣ

ወይ ዴስክቶፑ ላይ ሊኑክስ እንደ አዲስ ተጭኗል፣ ወይ አድራሻው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ተዛውሯል፣ ወይ ደግሞ መሐል የገባ አለ። ብዙ መመሪያ ላፕቶፑ የመዘገበውን የዴስክቶፑን አሮጌ መለያ ቁልፍ በ«ኤስኤስኤች-ኪጄን -አር» (በትልቁ አር) አጥፍታችሁ እለፉ ይላል። ራውተሩን ከማታውቁት ተከራይ ጋር በምትጋሩበት ግቢ ግን ይህን በጭፍን አልመክርም። ዴስክቶፑ ድረስ ሄዳችሁ የቁልፉን የጣት አሻራ (አጭር መለያውን) በ«ኤስኤስኤች-ኪጄን -ኤልኤፍ» አውጡና ማስጠንቀቂያው ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ሰርቪስ ቤቱ ሩቅ አይደለም።

ከገባችሁ በኋላ ድርቅ ካለ

ግድግዳቸው ወፍራም በሆነ የድንጋይ ቤቶች ውስጥ ዋይፋይ ይደክማል፤ በተለይ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው። ወደ 2.4 ውረዱ፤ ከተቻለ ገመድ ዘርጉ። የደረቀውን ተርሚናል ለመዝጋት ኢንተር፣ የማዕበል ምልክት (~)፣ ነጥብ (.) በተከታታይ ተጫኑ። ትልልቅ ቪዲዮ የምትገለብጡ ከሆነ አርሲንክ የተባለውን የመገልበጫ ትእዛዝ ከ«ፓርሻል» አማራጭ ጋር ተጠቀሙ፤ ግንኙነቱ መሐል ላይ ቢቋረጥ ትእዛዙን ስትደግሙት ከቆመበት ይቀጥላል።

ምልክቱ ከእነዚህ ከአንዱም ጋር ካልገጠመ ትእዛዙ ላይ «-ቪ» ጨምሩ። ኤስኤስኤች እያንዳንዱን እርምጃውን ይዘረዝራል፤ «ኮኔክሽን ኢስታብሊሽድ» ከሚለው መስመር በፊት ከቆመ ነገሩ የአድራሻና የፋየርዎል ነው፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ የስምና የቁልፍ።