ስፖርት ካታላይዘር አስገብታችሁ መኪናው ደንገጎን አልወጣ ሲል (ችግርና መፍትሄ)

በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት መኪና በአንድ ዓይነት በሽታ ገባልኝ፣ ሁለት ቪትዝና አንድ ኮሮላ። ሦስቱም በቅርብ ስፖርት ካታላይዘር ያስገቡ ናቸው፣ ሦስቱም ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ደንገጎ ዳገት ላይ ሞተሩ እምቢ ያላቸው። ሁሉም የሚሰድቡት ደሞ እቃውን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ስር ተኝቼ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። የአየር ፊልትሮ፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ዘይት አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

መጀመሪያ ስለ እቃው ትንሽ። ካታላይዘር የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ የሚገጠም፣ ውስጡ የማር እንጀራ የመሰለ ቀዳዳ በቀዳዳ ነገር ነው፣ ግድግዳው ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብቷል፣ ጭሱን የሚያጸዳው ያ ቅብ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው አብዛኛው ሴራሚክ ሆኖ በአንድ ካሬ ኢንች 400 ወይ 600 ቀዳዳ አለው። ስፖርት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የብረት ቆርቆሮ ተጠቅልሎ 200 ቀዳዳ ነው፣ 100ም አለ። ቀዳዳው ሰፋ ስላለ ጭሱ ቶሎ ይወጣል፣ ግን ጭሱ የሚነካው ግድግዳ ስለሚያንስ የማጽዳት አቅሙም ይቀንሳል። ለመንገድ መኪና ከ200 በታች አትግዙ። ቱርቦ ላለው መኪና ልዩነቱ ይሰማል፣ 1.0 እና 1.3 ቪትዝ ላይ ግን ድምፁ ይቀየር ይሆናል እንጂ ጉልበት አገኛለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ብሩን ለጎማ ቢያውለው ይሻለዋል፣ ይሄን ለደንበኛዬም ፊት ለፊት ነው የምናገረው። ቱቦውም ከመኪናው ቱቦ እኩል ይሁን፣ ለትንሽ ሞተር 2 ኢንች ይበቃዋል፣ 2.5 ካስገባህ ከታች ስትነሳ ይደክማል።

ስትገዙ በአንድ በኩል ብርሃን አብሩና በሌላው በኩል እዩ። ቀዳዳው እኩል መሆን አለበት፣ ቆርቆሮው ዳር ዳሩ ላይ የተያያዘ መሆን አለበት፣ በጣት ሲነካ የሚንቀሳቀስ ከሆነ መልሱት። ሳጥኑ ላይ ስንት ቀዳዳ እንደሆነና እስከ ስንት ሊትር ሞተር እንደሚችል ያልተጻፈበት እቃ እኔ አልገጥምም። ሻጩ «ኦርጅናል ነው ወላሂ» ስላለ ብቻ የተገዛ፣ ውስጡ ምንም ቅብ የሌለው ባዶ ቆርቆሮ እዚህ ጋራዥ ስንቱን አይቻለሁ፣ ያናድዳል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፤ ዳገት ላይ አቅም ማጣት።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ሜዳ ላይ፣ ድሬ ውስጥ ከቀፊራ እስከ ሳቢያን ስትነዳው ምንም አይልም። ደንገጎ ስትጀምር ቤንዚን ትረግጣለህ፣ ሞተሩ ይጮሃል ግን አይሄድም፣ ሦስተኛ ማርሽ ወደ ሁለተኛ ትቀንሳለህ ያው ነው፣ ከስር ሙቀት ይመጣል፣ አንዳንዴ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳትረግጥ ሲሠራ) ይጠፋል። አንድ ነገር ግን ለዩ፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ አካባቢ 2,000 ገደማ ትደርሳለህ፣ እዛ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ ከ100 እጅ 8 ያህሉን ያጣል። ይሄ በሽታ አይደለም። በሽታ የሚሆነው ባለፈው ወር በሦስተኛ የወጣኸውን ዳገት ዛሬ በአንደኛ ስትወጣው ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። የፊተኛውን ሴንሰር (ከካታላይዘሩ በፊት ቱቦው ላይ ያለውን) ፍታና በቀዳዳው የግፊት መለኪያ አስገባ። ሚኒሞ ላይ ከ0.1 ባር፣ በ2,500 ዙር ደሞ ከ0.2 ባር መብለጥ የለበትም። በ2,500 ወደ ግማሽ ባር የሚጠጋ ካየህ ካታላይዘሩ ወይ ከኋላው ያለው ማርሚታ (ድምፅ ማፈኛው) ተደፍኗል። መለኪያ ከሌለህ ሴንሰሩን ፈተህ ትንሽ ንዳው፣ በአንዴ ጉልበት ካገኘ መልሱን አገኘህ። ሁለት መቶ ሦስት መቶ ሜትር ብቻ ግን፣ እሳቱ በዛ ቀዳዳ ነው የሚወጣው፣ ሽቦ አጠገቡ ካለ ያቃጥለዋል።

እሺ ተደፍኗል፣ ለምን ተደፈነ? ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ካታላይዘር በራሱ አይሞትም፣ የሆነ ነገር ነው የሚገድለው። ገዳዩን ሳትይዝ አዲስ ካስገባህ አዲሱንም ይገድለዋል፣ ስፖርቱን ደሞ ቶሎ ነው የሚገድለው ምክንያቱም ስስ ነው። እኔ ጋ ከሚመጣው አብዛኛው ገዳይ ሞተሩ በሦስት መሄዱ ነው። አንዱ ካንዴላ ወይ ኮይል እሳት ካልሰጠ የዛ ሲሊንደር ቤንዚን ሳይቃጠል ከነአየሩ ይወጣና ካታላይዘሩ ውስጥ ገብቶ እዛ ይቃጠላል። ደህና ካታላይዘር ከ400 እስከ 800 ዲግሪ ነው የሚሠራው፣ እንዲህ ሲሆን ከ1,000 ያልፋል፣ ቅቡ ይሞታል፣ ቆርቆሮው ይጣመማል፣ ሴራሚክ ከሆነ ደሞ ወደ 1,400 ሲጠጋ ቀልጦ እንደ ድንጋይ ይረጋል።

ኮሮላው ታሪኩ ይሄው ነው። ልጁ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ አወዳይ የሚመላለስ ነው። ካታላይዘሩን ካስገባ 23 ቀኑ ነው። «አቦ ይሄ እቃ ሌባ ነው፣ ብሬን መልሱልኝ» እያለ ገባ። ፈታሁት፣ የፊቱ ግማሽ ቆርቆሮ ተጣሞ ቀዳዳው ተዘግቷል፣ በእጄ ይዤ አሳየሁት። ቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቀው «በርቶ አይደለም፣ ብልጭ ብልጭ ብቻ ነው የሚለው፣ ለዛ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ። አቦ ስሙኝ፣ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ዝም ብሎ ከበራው የባሰ ነው! ዝም ብሎ የበራ ቀስ ብለህ ጋራዥ ድረስ ይወስድሃል። ብልጭ ብልጭ ካለ ትርጉሙ «ሲሊንደር እሳት አልሰጠም፣ ካታላይዘሩ እየተቃጠለ ነው» ማለት ነው፣ እግርህን ከቤንዚን ላይ አንሳ፣ ዳር ያዝ፣ ቁም። ይሄ ልጅ ከአወዳይ ድሬ ድረስ ለሁለት ሳምንት እንደዛ ነድቷል። ምክንያቱ የሦስተኛው ሲሊንደር ኮይል ተሰንጥቆ ነበር። የኮይሉ ዋጋ ከካታላይዘሩ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ኮይል መሆኑን በቀላሉ ታውቃለህ። ኮምፒውተሩ ፒ0303 (ሦስተኛው ሲሊንደር እሳት አልሰጠም የሚል ኮድ) ካለህ ሦስተኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር አቀያይር፣ ኮዱን አጥፋ፣ ንዳው። ፒ0302 ሆኖ ከተመለሰ ኮይሉ ነው። እዛው ሦስት ላይ ከቀረ ካንዴላ፣ ኢንጀክተር፣ ከዛ ኮምፕረሽን እያልክ ሂድ።

አንደኛው ቪትዝ ግን እሳቱ ደህና ነበር፣ ዘይት ነው የገደለው። ባለቤቱ ጋሼ ጨዋ ሰው ናቸው፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሊትር እየጨመሩ «ሞተሬ አንድ ቀን ዘይት ጎድሎት አያውቅም» ይሉኛል። የተጨመረው ዘይት የት ሄደ? በጭሱ ነው የወጣው። ዘይት ውስጥ ያለው ፎስፎረስና ዚንክ ቅቡ ላይ እየተጋገረ ይሸፍነዋል፣ የማር እንጀራውን ፊት ብታዩት አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ለእሳቸው አዲስ ካታላይዘር አልሸጥኩም። መጀመሪያ የፒስተን ሪንግና የቫልቭ ጎሚኒ ይታይ አልኳቸው፣ ቅር ቢላቸውም ትክክሉ እሱ ነው። ውሃ የሚቀንስ ሞተርም እንደዛው፣ የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ይዞ አዲስ ካታላይዘር ማስገባት ብር መጣል ነው።

ሁለተኛው ቪትዝ ደሞ በ2,500 ዙር ግፊቱን ስለካው 0.15 ባር፣ ንጹህ። ሌላ ጋራዥ «ካታላይዘርህ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ» ብሎታል። የሞተው የነዳጅ ፓምፑ ነበር፣ ዳገት ላይ ግፊት ያንሰዋል። ታኅሣሥ 19 ቤተሰቡን ይዞ ቁልቢ ሊሄድ ነበር፣ ያለ መለኪያ ቢያምናቸው ኖሮ ብሩም ይሄዳል መኪናውም ዳገት ላይ ይቆማል። ሳትለካ እቃ አትቀይር!

አሮጌው ሴራሚክ ተፈረካክሶ ከሆነ ስባሪው ማርሚታው ውስጥ ገብቷል። ፍቱት፣ ገልብጡት፣ ደብድባችሁ አራግፉት፣ ካልወጣ ቀይሩት። ይሄን ሳያደርጉ አዲስ ካታላይዘር ገጥመው «አሁንም አይጎትትም» የሚሉ አሉ፣ መደፈኑ እኮ ወደ ኋላ ሄደ እንጂ አልጠፋም። ማኒፎልዱ ላይ የተያያዘ ዓይነት ሲፈረካከስ ደሞ ዱቄቱ ወደ ሲሊንደር ተመልሶ ሊገባ ይችላል፣ ስለዚህ ሲንኳኳ ሰምታችሁ አትቆዩ።

መብራቱ ሲመለስ፤ ፒ0420 (ካታላይዘሩ በደንብ አያጸዳም የሚል ኮድ)

ካስገባህ በኋላ ኮዱን አጠፋህ፣ ሁለት ሦስት ቀን ደህና ሆነ፣ ከዛ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ፈተናውን ጨርሶ ለማብራት የተወሰነ መንገድ መሄድ ስላለበት ነው የሚዘገየው፣ ጋራዥ በር ላይ ጠፋ ማለት ተስተካከለ ማለት አይደለም። የኋላው ሴንሰር (ከካታላይዘሩ በኋላ ያለው) ሲሞቅ 0.6፣ 0.7 ቮልት አካባቢ ረጋ ማለት አለበት፣ ከ0.1 እስከ 0.9 እየዘለለ ከፊተኛው ጋር አብሮ የሚጨፍር ከሆነ ካታላይዘሩ እየሠራ አይደለም። ብዙ ቶዮታ ላይ ግን ፊተኛው ተራ የኦክስጅን ሴንሰር አይደለም፣ የአየርና ነዳጅ መጠን የሚለካ ሌላ ዓይነት ነው፣ በተራ ሴንሰር አትተኩት፣ ቢገጥምም አይግባባም፣ ቤንዚን ያበላሻል።

እቃውን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን ብየዳውን እዩ። ከፊተኛው ሴንሰር በፊት ወይ አጠገቡ ትንሽ ቀዳዳ ካለች አየር በዛ ትገባለች፣ ሴንሰሩ ነዳጅ አነሰ ብሎ ያስባል፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል፣ ትርፉ ቤንዚን ካታላይዘሩን ያግለዋል፣ ከዛ ወደ ላይኛው ታሪክ ተመለስን። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሱና አንድ ሰው የማርሚታውን አፍ በወፍራም ጨርቅ ይያዝ፣ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ አፍስሱ፣ አረፋ ካወጣ አገኛችሁት። ጥቁር ጥላሸት ያለበት ፍላንጅም ምስክር ነው። ያንን ቀዳዳ በተራ ሲሊኮን የሚደፍን ሰው አለ፣ ተው! ሲሊኮን ሴንሰሩንም ቅቡንም ይመርዛል። ተፍቆ ይበየድ፣ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን።

ብየዳው ደህና ሆኖ፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳም ሳይኖር መብራቱ ከተመለሰ እቃው ደካማ ነው፣ የተሻለ ግዙ። የኋላ ሴንሰሩን በማራዘሚያ ዳዶ ከጭሱ አርቀው መብራቱን የሚያጠፉ አሉ፣ እኔ አልሠራም፣ መኪናው ሲታመም የሚነግርህን አፍ ነው የዘጋኸው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ቆርቆሮ ሲንኳኳ መጀመሪያ የሙቀት መከላከያውን ቡሎን እዩ፣ ከሱ ካልሆነ ውስጡ ላልቷል። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ቤንዚኑ በዝቷል ወይ ቤንዚኑ ራሱ ሰልፈር አለው። ናፍጣ መኪና ላይ የቤንዚን ካታላይዘር አይገጠምም። የሐረሮቹ ፔጆ 404 ያላችሁም አትጠይቁኝ፣ ካርቡሬተር ነው፣ መጠኑን የሚያስተካክል ሴንሰር የለውም።

ስትገጥሙ ቀስቱ ወደ ማርሚታው ያመልክት። አሮጌው የነበረበት ቦታ ይሁን፣ ወደ ኋላ ካራቅከው ቶሎ አይሞቅም፣ 250፣ 300 ዲግሪ ሳይደርስ ደሞ ሥራ አይጀምርም። የሴንሰሩ ጥርስ ኤም 18 በ1.5 ነው፣ ከላይኛው በኩል ይበየድ ውሃ እንዳይጠራቀምበት፣ ሲጠብቅ 40 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል። ሳትበይድ በፊት ባትሪ ንቀል፣ ሴንሰሮቹን ፍታ፣ የብየዳ ማሽኑን የመሬት ሽቦ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ እሰር፣ የቤንዚን መስመር የት እንዳለ በዓይንህ እይ። ማንጠልጠያ ጎማ ይኑረው፣ ክብደቱ ፍሌክሲብሉ ላይ ከወደቀ በወር ይቀደዳል። የሙቀት መከላከያውን «አያስፈልግም» ብሎ የሚጥል ሠራተኛ ጋ መኪና አታስገቡ። በበጋ ከመልካ ጀብዱ ወጣ ስትሉ ደረቅ ሳር ላይ አታቁሙ፣ ይቃጠላል። የደቻቱ ወንዝ ውሃ ሲያወርድ ደሞ የጋለ ካታላይዘር ይዛችሁ አትግቡ፣ ሴራሚኩ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ውሃው ራሱም የሚታመን አይደለም።

ተገጥሞ ካለቀ አስነሱት፣ አምስት ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ይሙቅ፣ ከዛ በ2,500 ሁለት ደቂቃ ያዙት፣ አጥፉትና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ ቀን ትንሽ ጭስና ሽታ ቢኖር አትደንግጡ፣ የማሸጊያው ነው። ሐረር ደርሳችሁ ስትመለሱ ሌሊቱን አሳድሩትና ጠዋት በቀዝቃዛው የፍላንጁን ዳዶዎች እንደገና አጥብቁ።