ከጥልቅ ውኃ የሚመለስ የትንንሽ ዓሦች ማሚቶ እንዴት ይነበባል?

እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካ ውስጥ ሳን ዲዬጎ አካባቢ በሶናር (ውኃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ ማሚቶ በሚፈልግ መሣሪያ) የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከባሕሩ ወለል በላይ ሌላ ወለል የሚመስል ነገር አዩ። ኋላ ሲጣራ ሕይወት ያለው ሆኖ ተገኘ። ማታ ይወጣል፣ ሲነጋ ይወርዳል። ጣት የሚያካክሉት ፋኖስ ዓሦች የሚኖሩት እንዲህ ባለው ሽፋን ውስጥ ነው።

ኢኮሳውንደር፣ ድምፅ ወደ ታች ልኮ ማሚቶውን የሚያዳምጠው የመርከብ መሣሪያ፣ ከእነዚህ ዓሦች በዋናነት የሚሰማው የአየር ከረጢታቸውን ነው። ሥጋቸው ለድምፅ ከውኃ ብዙም አይለይም። ጋዝ ግን ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል።

ከማሚቶው የዓሦቹን ብዛት ለመገመት፣ መጀመሪያ መሣሪያውን ማሚቶው በሚታወቅ የብረት ኳስ ካሊብሬት አድርጉ፤ ማለትም ንባቡን አስተካክሉ። የውኃውን ሙቀትና ጨው ለክታችሁ አስገቡ።

ቀጥሎ ድግግሞሽ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ ምረጡ። እኔ 38 ኪሎኸርዝን (በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ) አስቀድማለሁ። የ200 ኪሎኸርዝ ምስል ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ድምፁ ጥልቁ ሳይደርስ ውኃው ይውጠዋል።

ዋናው ጣጣ ከዚህ በኋላ ነው። ዥዋዥዌን በምቱ ጠብቃችሁ ከገፋችሁት በትንሽ ጉልበት ሩቅ ይሄዳል። የጋዝ ከረጢትም የራሱ ምት አለው። ከመሃል እስከ ጠርዝ 1 ሚሊሜትር የሆነ የጋዝ አረፋ ከውኃው ገጽ አጠገብ በ3.3 ኪሎኸርዝ ግድም ይርገበገባል። 500 ሜትር ላይ ግፊቱ 50 እጥፍ ስለሚሆን፣ ያው መጠን ያለው አረፋ ወደ 23 ኪሎኸርዝ ይጠጋል። አረፋው 0.6 ሚሊሜትር ከሆነ ደግሞ 38 ላይ ይገጥማል። ያን ጊዜ ሚጢጢዋ ዓሣ እንደ ትልቅ ዓሣ ትጮኻለች።

ይህን ሳላስብ አንድ ጊዜ ሰሜን አትላንቲክ ላይ ጠቅላላውን ማሚቶ አንድ ዓሣ ይመልሰዋል ተብሎ በሚገመተው ማሚቶ አካፈልኩና የዓሦቹን ብዛት አወጣሁ። መረቡ ሲወጣ ዓሣው እፍኝ አይሞላም። የቀረው የተበጣጠሰ ዝልግልግ ነገር ነው። በአጉሊ መነጽር ሳየው የጄሊፊሽ ዘመድ የሆነው ሲፎኖፎር ነበር፤ ጫፉ ላይ ሰሊጥ የምታህል የጋዝ ፊኛ አለችው። ለካ ስቆጥር የነበረው እሷን ነው! የሦስት ሳምንት ሥራዬ ገደል ገባ።

ተቃራኒውም አለ። አንዳንድ ፋኖስ ዓሦች ሲያድጉ ከረጢታቸው ይኮማተራል ወይም ስብ ይሞላዋል። መንጋው እያለ ስክሪኑ ባዶ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ መረብ ሳትጥሉ ቁጥር አትጻፉ። የተያዘውንም ሆዱን ከፍታችሁ እዩ፤ ጋዝ ነው ስብ? 18፣ 38 እና 70 ኪሎኸርዝን ጎን ለጎን ማነጻጸርም ብዙ ይረዳል።

ምሽት ላይ ሽፋኑ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ የከረጢቱም ምት ይወርዳል። አንድም ዓሣ ሳይጨመር ሳይቀነስ ማሚቶው ይለወጣል። የቀኑንና የማታውን ለየብቻ አስሉ።