144 ገዝቼ ለምን 60 ይላል? በሁለት ኮምፒውተር ላይቭ ለሚሠሩ የሞኒተር ችግርና መፍትሄ

ባለፈው ክረምት አንድ የቡሬ ልጅ ሞኒተሩን ከነካርቶኑ ታቅፎ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጣ። ዝናብ እንዳያገኘው ካርቶኑን በማዳበሪያ ጠቅልሎታል። «ወንድምዓለም፣ ተሸወድኩ፤ 144 ብለው 60 ሸጡልኝ» አለኝ።

ማንም አልሸወደውም። ሞኒተሩ በእርግጥም 144 ሄርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 144 ምስል ማሳየት ይችላል፤ ምስሉ የተገደበው እሱ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ነው። በሁለት ኮምፒውተር ላይቭ ሲሠራ አንደኛው ጨዋታውን ያጫውታል፣ ሁለተኛው ምስሉን ተቀብሎ ኦቢኤስ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ኢንተርኔት ይልካል። መሀላቸው ካፕቸር ካርድ፣ ማለትም ምስሉን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያቀብል ዕቃ አለ። ከጨዋታው ኮምፒውተር የወጣው የኤችዲኤምአይ ኬብል ካርዱ ውስጥ ይገባል፤ ከካርዱ ሌላኛው ቀዳዳ ደግሞ ወደ ሞኒተሩ ያልፋል። ካርዱ የሚያሳልፈው 60 ብቻ ከሆነ 144 ግዙ 240፣ ሞኒተሩ የሚደርሰው 60 ነው። ስለዚህ ሞኒተር ምረጥልኝ ለሚለኝ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ካርድህ ምንድን ነው?» የሚል ነው።

«144 ገዝቼ 60 ይላል»

መጀመሪያ ሞኒተሩን ከጥርጣሬ አውጡት። ካፕቸር ካርዱን ዝለሉና በቀጥታ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር አገናኙት። ከዚያ በዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግቡ። እዚያ 144 ከመጣ ሞኒተሩ ጤነኛ ነው። ካልመጣ የሰካችሁበትን ቀዳዳ እዩ፦ አንዳንድ ርካሽ ሞኒተሮች 144ን የሚሰጡት በዲስፕሌይፖርት (ሌላው ዓይነት የምስል ቀዳዳ) ብቻ ነው፤ ኤችዲኤምአያቸው ከዚያ በታች ይቆማል። ይህ በመመሪያው ወረቀት ላይ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል።

ዘላቂው መፍትሄ መንገዱን ለሁለት መክፈል ነው። ሞኒተሩ በዲስፕሌይፖርት ቀጥታ ከግራፊክስ ካርዱ ይውሰድ፤ ካፕቸር ካርዱ ደግሞ ከዚያው ግራፊክስ ካርድ በኤችዲኤምአይ ይውሰድ። የዊንዶውስን ቁልፍና ፒን አንድ ላይ ተጭናችሁ «ዱፕሊኬት» ምረጡ፤ አንዱ ምስል ለሁለቱም ይሄዳል። ስለዚህ ዲስፕሌይፖርት የሌለውን ሞኒተር ለዚህ ሥራ ባትገዙ ይሻላል። የቡሬው ልጅ ካርቶን ውስጥ የዲስፕሌይፖርቱ ኬብል ከነላስቲኩ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር፤ «ይሄ የምን እንደሆነ ስላላወቅሁ ነው» ብሎ ሳቀ።

መንገዱን መክፈል ካልፈለጋችሁ ከፍ ያለ ካርድ መግዛት ነው። ለምሳሌ የኤልጋቶ ኤችዲ60 ኤክስ 1440ን (ቁመቱ 1440 ነጥብ የሆነውን ምስል) በ120 ሄርዝ ያሳልፋል። ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ከሞኒተሩ ጋር ይፎካከራል።

«እኔ ጋ ለስላሳ ነው፣ ተመልካቹ ጋ ይንቀጠቀጣል»

ይህን ብዙ ሰው በኔትወርክ ያሳብባል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ስሌቱ ነው። ሞኒተሩ በሰከንድ 144 ምስል ያሳያል፣ ላይቩ የሚሄደው በ60 ነው። 12 እንጀራ ለ5 ሰው ሳትቆርሱ አካፍሉ ቢባል አንዱ ሁለት፣ ሌላው ሦስት ይደርሰዋል። 144ን ወደ 60 ማውረድም እንደዚያው ነው፤ ዓይን ያን መዛነፍ እንደ መንቀጥቀጥ ያየዋል። ሞኒተሩን 120 ላይ አድርጉት። 10 እንጀራ ለ5 ሰው ማለት ነው፣ ለሁሉም እኩል ሁለት። የ24 ሄርዙን ልዩነት በእጄ አላውቀውም፤ እናውቃለን የሚሉትን ደግሞ አልከራከራቸውም።

«27 ኢንች ባለ 1440 ገዛሁ፣ ጽሑፉ ደበዘዘ»

ዱፕሊኬት ሲደረግ ዊንዶውስ ሁለቱም ወገን የሚችሉትን ልክ ይፈልጋል። ካርዱ ከ1080 በላይ የማይቀበል ከሆነ ሞኒተሩም 1080 ላይ ይወርዳል፣ የ1440 ስክሪን ላይ የተለጠጠ 1080 ደግሞ ይደበዝዛል። መውጫው ዱፕሊኬትን ትቶ «ኤክስቴንድ» ማድረግ ነው፤ ያኔ ካርዱ እንደ ሁለተኛ ሞኒተር ይቆጠራል። በጨዋታው ኮምፒውተር ላይም ኦቢኤስ ክፈቱና ጨዋታውን «ፉልስክሪን ፕሮጀክተር» በሚለው የኦቢኤስ ምርጫ ወደ ካርዱ ላኩት። ግራፊክስ ካርዱን ጥቂት ያደክማል፣ ግን ሞኒተሩ ሙሉ 1440ውን ይዞ ይቆያል።

ገና ያልገዛ ሰው ከጠየቀኝ 24 ኢንች፣ 1080፣ 144 ሄርዝ፣ ፓነሉ (የስክሪኑ ዓይነት) አይፒኤስ የሆነ እላለሁ። ቪኤ ፓነል ጥቁሩ ደስ ይላል፤ ርካሾቹ ግን በጨለማ ቦታ ሲሮጡ ከኋላ ጥላ ይጎትታሉ። ሰፊውንም ባለ 21 ለ 9 ተዉት፤ ላይቩ 16 ለ 9 ስለሆነ ተመልካቹ ከላይና ከታች ጥቁር ሰሌዳ ያያል።

«ብልጭ እያለ ይጠፋል»

ኬብሉ ነው። ምንም ያልተጻፈበት ቀጭን አምስት ሜትር ኬብል 60 ላይ ይሠራና 144 ሲባል ይወድቃል። ኤችዲኤምአይ 2.0 በሰከንድ እስከ 18 ጊጋቢት ይሸከማል፣ የቀድሞው 1.4 ግን 10.2 ብቻ። ከሁለት ሜትር ያልበለጠ፣ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የሚል የተጻፈበት ግዙ።

«ላይቩ ላይ ቀለሙ የታጠበ ይመስላል»

ኤችዲአሩን (የብርሃንና የቀለም ልዩነትን የሚያሰፋውን ሴቲንግ) አጥፉት። ካልተስተካከለ በግራፊክስ ካርዱ ሴቲንግና በኦቢኤስ ውስጥ የቀለሙ ሬንጅ (ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው ስፋት) አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ፤ አንዱ «ፉል» ሌላው «ሊሚትድ» ሲሆን ጥቁሩ አመድ ይሆናል።

«ኬብሉን ስነካ ይነዝረኛል፣ ድምፁም እምምም ይላል»

በእኛ አካባቢ ይህን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ብዙ ቤት ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ይኖረዋል፣ የግራውንድ ሽቦው ግን ከጀርባው አልተሳበም። የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያሾልካል፤ ግራውንድ ስለሌለ መሄጃ ያጣና እናንተን፣ ወይም በኤችዲኤምአዩ በኩል ካፕቸር ካርዱን መንገድ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፣ ኬብሉን ኃይል እያለ ነቅለው ሲሰኩ ቀዳዳው የሞተ ሁለት ካርድ አይቻለሁ። መፍትሄው ኤሌትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ግራውንድ ማስገባት ነው። እስከዚያ ሁለቱንም ኮምፒውተርና ሞኒተሮቹን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ፤ ሁለት የተለያየ ሶኬት ላይ ሲሆኑ እምምታው ይብሳል። ኬብል የምትነካኩት ሁሉንም ከሶኬት ነቅላችሁ ይሁን።

«አንድ ሞኒተር ለሁለቱም አይበቃም?»

በቁልፍ እየቀያየሩ መሥራት ይቻላል፤ አልመክርም። እኔ ራሴ አንድ ምሽት ማይክሮፎኑ ጠፍቶ ሃያ ደቂቃ ለራሴ ሳወራ ነበር፤ ሰዎቹ «ድምፅ የለም» እያሉ ሲጽፉ ስክሪኑ ጨዋታው ላይ ነው። ለማሰራጫው ኮምፒውተር ማንኛውም ያገለገለ የቢሮ ሞኒተር ይበቃል፣ 60 ሄርዝ ይሁን ግድ የለም። ቪጂኤ (የድሮው የሞኒተር ቀዳዳ) ብቻ ካለው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረውን መለወጫ ጨምሩ።

«ስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር ወጣ»

ይህኛው አይጠገንም፤ ስክሪኑን መቀየር ከአዲስ ሞኒተር ብዙም አይረክስም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሞኒተር ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ነው ደጀን የሚደርሰው። አውቶቡሱ ሆድ ውስጥ ተጋድሞ፣ ላዩ ላይ የጤፍ ኬሻ ከተጫነበት ያ ሁሉ ጠመዝማዛ ያደቀዋል። ሱቁ ውስጥ አስከፍቱና ሙሉ ነጭ፣ ከዚያ ሙሉ ጥቁር አሳይታችሁ አረጋግጡ። ቢቻል የራሳችሁን ካፕቸር ካርድና ኬብል ይዛችሁ ሂዱ፤ 120 ሲል ካላያችሁ አትክፈሉ። ስትመለሱ ካርቶኑን በቁሙ፣ ከእግራችሁ መሀል።