ወንድ ነው ሴት? ምንቃሩን እዩ

ማላርድ የሚባለውን የዱር ዳክዬ ወንዱን መለየት ቀላል ነው፤ ጭንቅላቱ አረንጓዴ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት። ችግሩ የሚመጣው ከመራቢያ ወቅት በኋላ ነው። ያንን ሁሉ ጌጥ አራግፎ ልክ እንደ ሴቷ ቡኒ ይሆናል። ያኔ ውሃው ላይ ሴት ብቻ የቀረ ይመስላል።

ላባውን ተዉትና ምንቃሩን እዩ። የወንዱ ወጥ ነው፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ። የሴቷ ግን ብርቱካናማ ሆኖ መሃሉ ላይ ቀለም የፈሰሰበት ይመስል ጠቆር ያለ ነው። ምንቃር ላባ ስላልሆነ አብሮ አይረግፍም፤ ዘዴው የሚሠራውም ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ወንዱ በዚህ ጊዜ የክንፍ ላባውም ስለሚረግፍ ለ3 ወይም 4 ሳምንት ያህል መብረር አይችልም። ደብዘዝ ማለቱ ለመደበቅ ይበጀዋል።

ከሩቅ ከሆነና ቀለሙ ካልታያችሁ ጆሯችሁን ስጡ። ያ ሁላችንም የምናውቀው ጮክ ያለ «ኳክ ኳክ» የሴቷ ነው። የወንዱ ድምፅ ዝግ ያለና ሻካራ ነው።

ታዲያ መጀመሪያ ማላርድ መሆኑን አረጋግጡ፤ በሁለቱም ክንፍ ላይ ከላይና ከታች በነጭ የታጠረ ሰማያዊ ጥለት አለ። ገና ባልጎለመሱትና ከቤት ዳክዬ ጋር በተዳቀሉት ላይ ግን ዘዴውን አትመኑት፤ የምንቃራቸው ቀለም ያምታታል።