ትራይፖድ ሲገዙና ሲተክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ላይ ካሜራ አቁሞ መሥራት ሁለት ፈተና አለው። ውጭ ነፋሱ ነው፤ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች እዚህ የተተከሉት ነፋሱ ስላለ ነው። ውስጥ ደግሞ የስብሰባ አዳራሾቹ የጣውላ መድረክ አለ፤ ሰው በተራመደ ቁጥር ይነዝራል። ሱቅ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) እነዚህ ቦታዎች ላይ ያሳፍራል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ኪሎ ማመን

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። «8 ኪሎ ይሸከማል» ማለት በ8 ኪሎ አይሰበርም፣ እግሩም አይንሸራተትም ማለት ነው እንጂ አይነዝርም ማለት አይደለም። አምራቾችም የሚለኩት በየራሳቸው መንገድ ነው። ካሜራዎና ሌንስዎ 2.5 ኪሎ ከሆኑ ቢያንስ 5 ኪሎ የሚል ይፈልጉ፤ ከዚያ ግን ራስዎ ይፈትኑት።

ካሜራዎን ካሉዎት ሌንሶች ረጅሙን፣ ለምሳሌ 70–200 ሚሊ ሜትሩን፣ ገጥመው ወደ ሱቁ ይዘው ይሂዱ። እግሮቹን እስከ መጨረሻው ይዘርጉ። ከመንገዱ ማዶ ባለ የሱቅ ጽሑፍ ላይ ፎከስ ያድርጉና ምስሉን በካሜራው ስክሪን 10 እጥፍ ያጉሉ። አሁን አንዱን እግር በጣትዎ ጫፍ መታ ያድርጉ። ምስሉ በአንድ ሰከንድ አካባቢ ከረጋ ጥሩ ነው። ሦስት ሰከንድ ሙሉ ከተንቀጠቀጠ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ቀጥሎ አናቱን ይዘው ግራና ቀኝ ጠምዘዝ ያድርጉት። እግሮቹ የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ልቅነት ካለ፣ ብሎኑ ሲጠብቅ የሚጠፋ መሆኑን እዚያው ያረጋግጡ።

የመሃሉን ዘንግ ቀድሞ ማውጣት

ዘንጉን ከፍ ሲያደርጉ ካሜራዎን በሦስት እግር ሳይሆን በአንድ ቀጭን እንጨት ላይ እንዳቆሙት ይቁጠሩት። መጀመሪያ ወፍራሙን የእግር ክፍል ይዘርጉ፤ ካልበቃ ቀጭኑን፤ ዘንጉ የመጨረሻ ይሁን። ሲገዙም ቁመቱን ዘንጉ ሳይወጣ ይለኩ።

ቦርሳ አንጠልጥሎ መተው

ክብደት ማንጠልጠል ጥሩ ምክር ነው፤ የሚነገረው ግን ግማሹ ብቻ ነው። በአየር ላይ ያለ ቦርሳ ነፋስ ሲያወዛውዘው ትራይፖዱንም አብሮ ያወዛውዛል። ታቹ መሬት እስኪነካ ዝቅ አድርገው ያንጠልጥሉት። የካሜራውን ማንገቻ ይፍቱት፤ ሲርገበገብ እንደ ባንዲራ ነፋስ ይይዛል። እግሮቹን ሰፋ፣ ቁመቱን ዝቅ ያድርጉ፤ አንዱ እግር በሌንሱ አቅጣጫ ይሁን። ተዳፋት ላይ ሁለቱ እግሮች ቁልቁል፣ አንዱ ሽቅብ ይቁም። የራሱ ማሰሪያ ያለው ረጅም ሌንስ ከሆነ ፕሌቱን (ካሜራውን ከትራይፖዱ አናት ጋር የሚያያይዘውን ጠፍጣፋ ብረት) ካሜራው ላይ ሳይሆን የሌንሱ ማሰሪያ ላይ ይግጠሙ።

መድረኩ ላይ መትከል

እንደ ገልማ አባ ገዳ ባለ ሰፊ አዳራሽ ከኋላ ሆኖ በረጅም ሌንስ መቅረጽ ግድ ነው፤ በዚያ ርቀት ትንሿ ንዝረት ጎልታ ትታያለች። ከተቻለ ከጣውላው ወርደው ሲሚንቶ ወለል ላይ ይትከሉ። ልሙጥ ወለል ላይ የጎማውን ጫማ ይጠቀሙ፤ ሹሉ ብረት ለአፈርና ለሣር ነው። ፎቶ ከሆነ በእጅ አይጫኑ፤ የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን ይጠቀሙ።

የቪዲዮውን ሄድ በማጥበቅ ብቻ ማስያዝ

ካሜራው ወደፊት ሲያዘነብል ብዙዎች የሄዱን፣ ማለትም ካሜራው የሚያርፍበትን የትራይፖዱን አናት፣ ማጥበቂያ ያጠብቃሉ። ከዚያ ወዲያ ካሜራው ሲዞር በለስላሳ አይሄድም፤ እየተንተባተበ ይሄዳል። ችግሩ ሚዛን ነው። ማጥበቂያውን ሙሉ በሙሉ ያላሉ፤ ካሜራው እንዳይወድቅ በእጅዎ ደግፈው ፕሌቱን ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተቱ ካሜራው አግድም ሆኖ ብቻውን የሚቆምበትን ቦታ ይፈልጉ። ከዚያ 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርገው እጅዎን ቀስ ብለው ያላሉ፤ የሚወድቅ ከሆነ የሄዱ ስፕሪንግ ለካሜራው ክብደት ደካማ ነው፤ የሚስተካከል ከሆነ ይጨምሩት። ውሃ ልኩንም እግሮቹን በማስተካከል ይምጡበት፤ ሄዱን ብቻ አዘንብለው ካቃኑት ካሜራው ሲዞር አድማሱ ይጋደላል።

አቧራውን መርሳት

በበጋ የአዳማ አቧራ በእግሮቹ መቆለፊያ ውስጥ ይገባል፤ ሲያዞሩት እንደ አሸዋ ይፋጫል፤ ቆይቶም ጥርሱን ይበላዋል። ከሥራ በኋላ እያንዳንዱን ክፍል ዘርግተው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ እግሮቹን ያጣጥፉ። ከረጠበ ዘርግተው ያድርቁ። የማብሰያ ወይም የሞተር ዘይት በፍጹም አይቀቡት፤ አቧራ ይሰበስባል፤ እግሩም ጭነት ሲያርፍበት ቀስ እያለ ይንሸራተታል።